የሽንኩርቱ መደብ

«አትንካብኝ አልኩህ! ወላሂ ያንን ዶማ አንዴ ብታነሳው ሽንኩርቱን ከነሥሩ ነቅዬ ፊትህ ላይ ነው የምበትነው።»

«መነቀሉ ካልቀረ እኔው ልገላግልሽ» አለ ኸሚስ።

«ቀልድ የያዝኩ መሰለህ?»

«ምን እንደያዝሽማ እያየሁ ነው። ጦርነቱ ውጫሌ ደርሷል፣ አንቺ ሽንኩርት ታቅፈሻል።»

ሀፊዛ ከመደቡ ራስ ላይ ንቅንቅ አላለችም። ታላቅ ወንድሟ ዶማውን በትከሻው አጋድሞ ፊት ለፊቷ ቆሟል። ከበስተኋላው፣ ከቤቱ ግድግዳ ሥር፣ አፋቸው በሲባጎ የተሰፋ ሁለት ኩንታል ማሽላ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የዓመቱ እህላቸው ያ ብቻ ነበር። ጠቡ የተጀመረው ከዙሁር ሶላት በፊት ነው፤ አሁን የባሕር ዛፎቹ ጥላ ወደ ምሥራቅ ረዝሟል። ከሰሜን፣ ከአምባሰል ተራሮች ወዲያ፣ ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ ይሰማል። ጠዋት በሐይቅ ከተማ አስፋልት ወደ ደሴ ያለፈው ሰው ፍራሽና ልጅ ተሸክሞ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ የሚያልፈው ልጅ ብቻ ተሸክሟል።

እናታቸው ኡሙሀኒ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ ጣልቃ ገቡ። ጉልበታቸው ከታመመ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ቤተሰቡ እንደ ሌላው ወደ ደሴ ያልሸሸውም በእሳቸው ምክንያት ነው።

«ሀፊዛ፣ ስሚኝ ልጄ። በደርግ ጊዜ እኛም እንዲሁ ነበር የምናደርግ። ጉድጓዱን ጭድ ታለብሺዋለሽ፣ እህሉን ትከቻለሽ፣ አፉን በእበት ትመርጊና ጎመን ትተክይበታለሽ። ይኼ ተቆፍሮ የከረመ መሬት ነው፤ ዓይን ውስጥ አይገባም። ሌላ ቦታ ቢቆፈር አዲስ አፈር ያስታውቃል።»

«እማ፣ ይህን ዘዴ የማያውቅ ማን አለ?»

«የሚመጡት የዚህ አገር ሰዎች አይደሉም» አለ ኸሚስ።

«ገበሬዎችስ አይደሉም?»

የኸሚስ ሚስት ሱረያ ትንሿን ልጇን ሪታጅን በጀርባዋ አዝላ ከኩሽናው ብቅ አለችና፣ «እስካሁን እህል ይትረፍ ሽንኩርት ይትረፍ እያላችሁ ነው? አላህ ልብ ይስጣችሁ» ብላ ተመልሳ ገባች።

ነገሩ የሽንኩርት ብቻ ቢሆን ሀፊዛም ይህን ያህል አትከራከርም ነበር። ከሳዑዲ የተመለሰችው ባለፈው ዓመት አንድ ፌስታል አንጠልጥላ ነው። ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ የላከችው ሁሉ ጣራውን ቆርቆሮ አልብሶ፣ ላሟን ገዝቶ አልቋል። የመጨረሻዎቹን አምስት ወራት ያሳለፈችው መስኮት በሌለው የእስር አዳራሽ ውስጥ ከብዙ መቶ ሴቶች ጋር ታጉራ ነበር። እግር መዘርጊያ ስለሌለ በተራ ነው የሚተኙት። አገሯ ከገባች በኋላም ለብዙ ጊዜ ጉልበቷን አቅፋ እንጂ ተዘርግታ አልተኛችም። በሰኔ ኸሚስ ደላላ ይዞ መጥቶ፣ በጅቡቲ በኩል እንደገና ዕድሏን እንድትሞክር ሲያግባባት አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም።

«ጓሮውን ስጡኝ» አለች። «እስከ ጥር ድረስ። የዚህ ቤት ወጥ ከጓሮው ከወጣ አልሄድም። ካልወጣ ራሴው ሄጄ ደላላውን እጠራዋለሁ።»

ኸሚስ ሦስት ልጆች አሉት፤ መሬቱም ከአባታቸው ለወንድሞች ሲከፋፈል ጠቧል። ክፉ ሰው አልነበረም። ጥቂት አሰበና፣ «እሺ፣ እስከ ጥር» አለ።

ዘር መግዣ አልነበራትም። ገበያ ሲበተን ሻጮች የሚጥሉትን የላላ ቲማቲም ሰበሰበች፤ ጨምቃ ፍሬውን በጣሳ ውሃ ሦስት ቀን አቆየችው፤ አጥባም በአሮጌ ደብተር ወረቀት ላይ አደረቀችው። በሐይቁ ዳር በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች የሽንኩርት ችግኛቸውን ሲያሳሱ ነቅለው የሚወረውሩትን እየለመነች አመጣች። ዓይን ያወጣ ድንች፣ የነጭ ሽንኩርት ፍንካች፣ የጎመን ግንድ፣ ምንም አልጣለችም። ጎረቤታቸው ጋሽ ወልዴ ከጓሯቸው ጤና አዳም ቆርጠው፣ በሶብላ ከነሥሩ ነቅለው ሰጧት፤ ከበረታቸውም ፍግ እንድትወስድ ፈቀዱላት። ክርስቲያን ናቸው፤ ሲምሉ ግን እንደ ሰፈሩ ሰው ነው። «ወላሂ አንቺ ልጅ፣ ፍጉን ስትዝቂ ላሚቱንም አብረሽ እንዳትዝቂልኝ» እያሉ ይስቁባት ነበር። የቲማቲሙን ችግኝ በጎኑ በተቀደደ የዘይት ጀሪካን አፈላች። ድንቹን አፈር በሞላችው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ተከለች።

ችግሩ ውሃ ነበር። ክረምቱ ከወጣ ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ቢመጣ ነው፤ ከሐይቁ በጀሪካን መቅዳትም ግማሽ ቀን ይፈጃል። አንድ ነገር አስተዋለች። በዚህ ቤት ሰው በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት እየታጠበ ውዱእ ያደርጋል፤ ውሃው ደጃፍ ላይ ፈስሶ ጭቃ ከመሆን በቀር አይረባም። በሽንኩርቱ መደብ ራስ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አጋደመች፤ ከድንጋዩ ሥርም ጣት የምታህል ቦይ ቀደደች።

«ከዛሬ ጀምሮ ውዱእ እዚህ ነው» አለች።

«አይነወርም?» አሉ ኡሙሀኒ።

«ንጹሕ ውሃ ምን ነውር አለው፣ እማ? ሽንኩርቱም ይታጠብ።»

ኸሚስ ሳቀ። «እንግዲህ ሽንኩርቱ እንዳይጠማ ተብሎ ሶላት የማያመልጠኝ ሆነ ማለት ነው» አለ። እውነትም ከዚያ ወዲህ የአስር ሶላት ሲደርስ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ሆነ። ነጠላ ጫማውን ከድንጋዩ አጠገብ አውልቆ እግሩን ይታጠብና፣ ውሃው በመደቡ ውስጥ የት ድረስ እንደሄደ ጎንበስ ብሎ ያያል። «ዛሬ ሦስተኛው መስመር ደረሰ» ይላል።

በዚያ የጠብ ቀን ቀድሞ የበረደውም እሱ ነው፤ ዶማውን ከትከሻው አወረደ። ሽንኩርቱን አየ፤ ጣት ያህል ወፍሯል። እህቱን አየ።

«እስከ ጥር ብያለሁ» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ዶማውን ይዞ ወደ በረቱ ሄደ። ላሟን አስወጥቶ የቆመችበትን መሬት ሲቆፍር አመሸ። ማሽላውን ከነከረጢቱ ቀበረው፤ አፈሩን ረገጠ፣ እበት ለቀለቀበት፣ ጭድ አነጠፈበት። ላሟንም መልሶ ከላዩ አሰራት። ኡሙሀኒ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ታጣቂዎቹ ወደዚህ ግቢ የመጡት ከተማውን በያዙ በአራተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ ነው። አምስት ነበሩ። ኡሙሀኒ «ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ» አሉ። ሱረያ ያላትን ቂጣ አቀረበች፤ ቆመው በሉ። በጓዳ ያለውን ዱቄት በያዙት ከረጢት ገለበጡ። ከዚያ አንደኛው፣ ጢሙ ሽበት የጣለበት፣ በጓሮ በር ወጣ።

ከመደቦቹ አጠገብ ቁጢጥ አለ። አፈር አነሳና በመዳፉ አሸው። ጠመንጃ ከማንሳቱ በፊት ብዙ ዓመት ያረሰ ሰው እንደሆነ ከእጁ ያስታውቃል።

«ይኼን ማነው የቆፈረው?»

«እኔ» አለች ሀፊዛ።

«መቼ?»

«በክረምት።»

«ሰው አገር ጥሎ በሚሸሽበት ዓመት አንቺ ጎመን ትተክያለሽ?»

«ለወጥ ነው።»

ሰውየው ፈገግ አለ። «በእኛም አገር እህል ሲቀበር ከላዩ ጎመን ነው የሚተከል» አለና ለወጣቶቹ በእጁ ምልክት ሰጣቸው።

ኡሙሀኒ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መጀመሪያ ጎመኑን ቆፈሩት። የያዙት የኸሚስን የራሱን ዶማና አካፋ ነው። ቀጥለው ቲማቲሙን። ጉድጓዱ ጉልበት ድረስ ሲገባ ይተዉትና ከጎኑ ሌላ ይጀምራሉ። የድንቹን ከረጢት በጩቤ ቀደው ዘረገፉት፤ እንቁላል የሚያህሉ ድንቾች ተንከባለሉ፤ ለቅመው ኪሳቸው ከተቱ። በሶብላው በጫማ ሲረገጥ ሽታው ግቢውን ሞላው። አንዱ ወጣት ያልበሰለ ቲማቲም በሱሪው ጠርጎ ገመጠ፤ ጎመዘዘውና ተፋው። በየጉድጓዱ ሥር ከአፈርና ከትል በቀር ምንም አልነበረም።

ባለ ሽበቱ ወደ ኸሚስ ዞረ። «የት ነው?»

«ያለን ያያችሁት ነው።»

አንደኛው በሰደፍ ትከሻውን መታው። ወደቀ፤ ተነሳ። «የለም» አለ። ደገመው፤ በዚህኛው ጊዜ ወገቡን ነው። ሱረያ ጮኸች፤ ጀርባዋ ላይ ያለችው ሪታጅም አብራ ጮኸች። ኸሚስ መነሳት አቅቶት መሬት ላይ ቁጭ አለና፣ «ወላሂ የለም» አለ።

ባለ ሽበቱ እጁን አነሳ፤ መምታቱ ቆመ። ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ። ፀሐዩ ከርሮ ነበር፤ ሰውየውም የሰለቸው ይመስላል።

«ያችኛዋ ቀርታለች» አለ፣ ወደ ሽንኩርቱ እየጠቆመ። «እሷን እዩና እንሂድ።»

ወጣቱ ወደ መደቡ ራስ ሄደ። ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አደረገ፤ ዶማውን አነሳ፤ አሳረፈው። የመጀመሪያው መስመር ከነአፈሩ ተገለበጠና ነጫጭ ሥሮቹ ፀሐይ ላይ ወጡ። ዶማው ዳግመኛ ተነሳ።

«በረቱ ውስጥ ነው!» አለች ሀፊዛ።

ኸሚስ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የሰማው ነገር ያልገባው ሰው ይመስል ነበር። ወጣቱ ዶማውን መሬት ላይ ጣለው።

ማሽላውን ለማውጣት ብዙ አልፈጀባቸውም። ከመንገድ ዳር የእጅ ጋሪ አምጥተው ጫኑት። ባለ ሽበቱ ኸሚስን ክንዱን ይዞ አስነሳው። «ከመጀመሪያው ብትናገር እኛም አንደክም፣ አንተም አትመታ» አለው፣ እንደ መገሰጽ። «ና፣ ግፋ። እስከ አስፋልቱ ገፍተህ ትመለሳለህ።»

«ልጄን ተዉልኝ» አሉ ኡሙሀኒ። «ጋሪውን እኔ እገፋለሁ፣ በአላህ።»

«ይመለሳል፣ እናቴ።»

ኸሚስ ወገቡን አጉብጦ ጋሪውን ገፋ። ነጠላ ጫማው ከድንጋዩ አጠገብ እንደ ወለቀ ነበር፤ እንዲያደርግ ያስታወሰው የለም። ዶማውን የጣለው ወጣት ከሁሉም ኋላ ቀረ። የተገለበጡትን ሽንኩርቶች በጫማው ጫፍ ወደ ቦታቸው መለሰ፤ አፈሩን ረገጥ ረገጥ አደረገ። «ውሃ ካገኘ ይይዛል» አላት ሀፊዛን። ከዚያ ጓደኞቹን ተከትሎ ሮጠ።

ኸሚስ በአስር ሶላት አልተመለሰም። በመግሪብም አልተመለሰም። በማግስቱ ሀፊዛ እስከ አስፋልቱ ሄዳ ጋሪውን በጎኑ ተገልብጦ፣ ባዶውን አገኘችው።

ሱረያ ስምንት ቀን ሙሉ አላናገረቻትም። በዘጠነኛው ቀን ሀፊዛ የተገለበጠውን መስመር ውሃ ስታጠጣ ከኋላዋ መጥታ ቆመች።

«ይዟል?» አለች።

«አንዳንዱ።»

«ሊሄዱ ነበር እኮ» አለች ሱረያ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ ጎረቤት እንዳይሰማ የምታወራ ይመስላል። «‹እሷን እዩና እንሂድ› ነው ያለው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እየመቱት ነበር።»

«ትተውት ነበር።»

«እንደገና ይመቱታል ብዬ...»

«ሀፊዛ፣ ዶማው የተነሳው እሱ ላይ ነው ሽንኩርቱ ላይ?»

ሀፊዛ ጣሳውን እንደያዘች ቀረች። ሱረያ ዞራ ገባች። ይህን ጥያቄ ሀፊዛ ከሱረያ በፊት ራሷን ብዙ ጊዜ ጠይቃዋለች። ዶማው ሲነሳ ታስታውሳለች። ከአፏ የወጣውን ቃል ታስታውሳለች። በሁለቱ መሃል ምን እንዳሰበች ግን ስትፈልገው የሚመጣባት የኸሚስ ወገብ አልነበረም፤ ፀሐይ ላይ የወጡት ነጫጭ ሥሮች ናቸው። ያን ለማንም አልተናገረችም።

ኅዳር ሲያልቅ ታጣቂዎቹ ከተማውን ለቀው ወጡ። ደሴና ኮምቦልቻ የሸሸው ሰው ተመለሰ፤ የተሰበረውን በር ሠራ፣ የተዘረፈውን ተነጋገረ፣ የሞተውን ቀበረ። ከዕለታት አንድ ቀን ጋሽ ወልዴ በትራቸውን ይዘው መጡ። አልተቀመጡም።

«ኡሙሀኒ፣ ያወቅሁትን ልንገርሽ። ከእነሱ ያመለጠ አንድ የማርዬ አካባቢ ሰው በአምባሰል በኩል ተራራውን ሲያስወጧቸው ኸሚስን አይቶታል። ባዶ እግሩን ነበር፤ የጥይት ሣጥን ተሸክሟል። ‹እግሩ አብጦ ከሰልፉ ወደ ኋላ ሲቀር ነው መጨረሻ ያየሁት› ይላል።»

«ከዚያስ?» አሉ ኡሙሀኒ።

«ከዚያ ወዲያ አላየም።»

«ሞተ አላለህም አይደል?»

«አላለኝም። ወላሂ አላለኝም።» ሽማግሌው በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከበረታቸው ፍግ እንዳለ፣ ሀፊዛ ስትፈልግ መጥታ መዛቅ እንደምትችል ተናግረው ሄዱ።

ኡሙሀኒ የልጃቸውን ነጠላ ጫማ ከድንጋዩ አጠገብ ማንም እንዳያነሳው ከለከሉ። ውዱእ ሲያደርጉ ውሃ እንዳይነካው ወደ ጎን ፈቀቅ ያደርጉታል፤ ሲጨርሱ ወደ ቦታው ይመልሱታል።

ሽንኩርቱ በጥር መጀመሪያ ደረሰ። ቅጠሉ ተኛ፤ አንገቱ ደረቀ፤ ሀፊዛ ነቅላ ጣራ ሥር ዘረጋችው። ከጠበቀችው በላይ ነበር። ከዕርዳታ በተሰፈረላቸው ክክ ላይ ሱረያ አቁላልታ ወጥ ሠራችበት፤ ሦስቱ ልጆች ሳህኑን ጠርገው በሉ። እንዳለችውም የዚህ ቤት ወጥ ከጓሮው ወጣ። ወሩም ጥር ነበር። ቃሉን የተቀበላት ሰው ግን በማዕዱ ላይ አልነበረም። ሀፊዛ ወጡ ያልነካውን የቂጣውን ጠርዝ ጠርዙን እየቆረሰች በላች። ያንን ሱረያ አየች።

መሬቱን የሚያርስ አልነበረም፤ ማሽላም አልነበረም። ላሟ ተሸጣለች። ሂጂ ያላት ማንም የለም። በዚያው ሳምንት ራሷ ደላላው ቤት ሄደች፤ ሰውየው «ያኔ እምቢ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?» ሲላት፣ «ነኝ» አለች።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሱረያን ጓሮ ለጓሮ እያዞረች ታወራት ጀመር። የቲማቲሙ ችግኝ ሲፈላ ውሃ እንዳይበዛበት፤ ችግኙ አራት ቅጠል ሳያወጣ እንዳይነሳ። አመድ ከጎመኑ ሥር ትንሽ ትንሽ፤ ለድንቹ ግን አይሆንም። የሽንኩርቱን ዘር ለማግኘት ትልልቆቹን መርጦ መልሶ መትከልና አበባ እስኪያወጡ መታገሥ። ሱረያ ትሰማለች፣ አንዳንዴም ትጠይቃለች። «በሶብላው በየስንት ቀኑ ነው የሚቆረጥ?» ትላለች። ይህ ሁሉ አሁን ለምን እንደሚነገራት ግን ጠይቃ አታውቅም። ሀፊዛ ዘሮቹን በደብተር ወረቀት ለየብቻ ጠቅልላ፣ በጨርቅ ቋጥራ ኩሽናው ምሰሶ ላይ ሰቀለችላት።

የደላላው መኪና ወደ ባቲ የሚነሳው ከዙሁር በፊት ነው። ሀፊዛ ከሳዑዲ ይዛው የመጣችውን ፌስታል አንጠልጥላ በጓሮ በር ወጣች። ሱረያ በተደለደለው የሽንኩርት መደብ ላይ ቁጢጥ ብላ የጎመን ችግኝ ትተክላለች፤ ሪታጅ ከጎኗ አፈር በጣቷ ትጭራለች። ኡሙሀኒ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ውዱእ ጀምረዋል፤ በውዱእ መሃል አይናገሩም። የልጃቸውን ጫማ ወደ ጎን ፈቀቅ አድርገውታል።

ሀፊዛ ቦዩን ተሻግራ፣ አጥሩን ተከትላ በታችኛው በር ወጣች።

ኡሙሀኒ የቀኝ እግራቸውን ጨርሰው የግራውን ያዙ። ውሃው በድንጋዩ ሥር ሾልኮ እስከ ሁለተኛው መስመር ሄደ።

«ያችን ጣሳ አቀብይኝ» አለች ሱረያ፣ ቀና ሳትል።

ሪታጅ ተነስታ አቀበለቻት።